«ሲስተም የለም» ሲባል፦ የይፋት ቢሮዎችና የሩቅ ሰርቨሮች

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬ፣ በካራቆሬና በማጀቴ የባንክ፣ የግብር ወይም የጤና መድን ጉዳይ ይዞ ወደ መስኮት የሚቀርብ ሰው የለመደው መልስ አለ፤ «ሲስተም የለም» ይባላል። ባለጉዳዩ ከዚያ በላይ አይጠይቅም፣ ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ ከዚያ በላይ አያውቅም። ለነገ ይቀጠራል፣ ሰውም ተመልሶ ይመጣል።

ይህ አንድ መልስ ቢያንስ አምስት የተለያዩ ብልሽቶችን ይሸፍናል። መብራት ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። መብራቱ እያለ የኔትወርክ መስመሩ ተቋርጦ ይሆናል። መስመሩም ደህና ሆኖ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ያለው ሰርቨር ቆሞ ሊሆን ይችላል። ሰርቨሩ እየሠራ አንድ ባለሙያ ሌሊት የለወጠው ፕሮግራም ነገር አበላሽቶ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ መዝገቡ ራሱ ተበላሽቶ ወይም ጠፍቶ መገኘቱ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ችግሮች የወረዳ ቢሮ በራሱ ሊያስቀራቸው አይችልም፣ ሊዘጋጅላቸው ግን ይችላል። የተቀሩት ሦስቱ የአስተዳደር ጉዳዮች ናቸው። ለውጥን ማን እንደሚፈቅድ፣ ቅጂው የት እንደሚቀመጥና የይለፍ ቃሉ በማን እጅ እንዳለ የሚወስነው አስተዳደር ነውና። የአገሪቱ ትልቁ ባንክ የገጠመውና የይፋት ከተሞች ያሳለፉት ሲደመሩ የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው። የጉዳቱን መጠን የሚወስነው የተገዛው ሶፍትዌር ዓይነት ሳይሆን፣ ሥራው ሲስተሙ በሌለበት ሰዓት የሚቀጥልበትና ከብልሽት በኋላ የሚመለስበት መንገድ አስቀድሞ መታሰቡ ነው።

ሥራው ከመዝገብ ወደ ሰርቨር የተሻገረበት መንገድ

በመንግሥት ቢሮዎች ቀድሞ የተለወጠው ፋይናንስ ነው። በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ድጋፍ ስቲቨን ፒተርሰን በመሩት የፋይናንስ ማሻሻያ ፕሮጀክት፣ አይቤክስ የተባለ የበጀትና የወጪ ሂሳብ ሶፍትዌር ለኢትዮጵያ ቢሮዎች ተብሎ ተሠራ። በኋላ መንግሥት በኦራክል ኩባንያ ዝግጁ ሶፍትዌር ላይ የተመሠረተውን ኢፍሚስ የተባለ የፋይናንስ ሲስተም አስገባ። ባንኮች ሁሉንም ቅርንጫፎች በአንድ መዝገብ ወደሚያስተሳስረው ኮር ባንኪንግ ተሸጋገሩ፤ የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚጠቀመው ቲ24 የተባለውን ነው። ከሞባይል የገንዘብ አገልግሎቶች ቴሌብር በግንቦት 2013፣ ኤም-ፔሳ በ2015 ማብቂያ ሥራ ጀመሩ። ጤናው በበኩሉ ዲኤችአይኤስ2ን ለሪፖርት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች በታብሌት የሚይዙትን ኢቺስን ደግሞ ለቤተሰብ መዝገብ አስገባ።

በእነዚህ ሁሉ ውስጥ የሚመላለሰው ምርጫ «እንሥራው ወይስ እንግዛው» የሚለው ነው። ተለክቶ የተሠራ ሶፍትዌር የአገሩን የሂሳብ አያያዝና ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 የሚቆጠረውን የበጀት ዓመት ከመነሻው ያውቃል፤ ዋጋውም ይቀላል። ድክመቱ የሠሩት ጥቂት ሰዎች ሲበተኑ ጠጋኝ ማጣቱ ነው። የተገዛው ደግሞ ብዙ ተግባርና የኩባንያ ድጋፍ አለው፤ ግን በየዓመቱ የፈቃድ ክፍያ፣ ውድ አማካሪና የማይቋረጥ መስመር ይፈልጋል። ፒተርሰን በጽሑፎቻቸው የተከራከሩት ነባሩን አሠራር በደረጃ ማሻሻል ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመለወጥ ይሻላል ብለው ነው።

የሌሎች አገሮች ልምድም ክርክሩን ያጠናክራል። የእንግሊዟ በርሚንግሃም ከተማ ምክር ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ከነባር ሲስተሙ ወደ ኦራክል ሲዛወር የባንክ ሂሳቡን በአግባቡ ማስታረቅ አቃተው። መጀመሪያ ወደ 20 ሚሊዮን ፓውንድ ይፈጃል የተባለው ሥራ እስከ 100 ሚሊዮን ሊደርስ እንደሚችል ተገመተ። በመስከረም 2023 እ.ኤ.አ. ምክር ቤቱ በጀቱን ማመጣጠን እንዳልቻለ ሲያውጅ ይህ ወጪ ከምክንያቶቹ አንዱ ሆኖ ተጠቅሷል። ገንዘብም ባለሙያም የነበረው ከተማ በዚህ መልክ ከተንገዳገደ፣ አንድ ወይም ሁለት የአይቲ ባለሙያ ብቻ ያለው ወረዳ ሽግግሩን በአንድ ጊዜ መሞከሩ የባሰ አደጋ ነው።

የመጋቢት 6 ሌሊት ያስተማረው

ዓርብ መጋቢት 6 ቀን 2016 ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሂሳባቸው ከሌለው ገንዘብ በላይ ማውጣትና ማስተላለፍ ቻሉ። ወሬው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች ተዛመተ፤ ተማሪዎች በኤቲኤም ፊት ተሰለፉ። ባንኩ ዝውውሩን ለማቆም ሰዓታት ፈጀበት። በኋላ የባንኩ ፕሬዚዳንት አቤ ሳኖ ያለአግባብ የወጣው ገንዘብ ወደ 801 ሚሊዮን ብር እንደሚደርስ ገለጹ። አብዛኛው በሳምንታት ውስጥ ተመለሰ፤ ያልመለሱ ሰዎች ስምና ፎቶ ግን በአደባባይ ተለጠፈ።

ብዙ ሰው ነገሩን «ሀክ ተደረገ» ብሎ ነው የተረዳው። ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንኩ የሰጡት ማብራሪያ ሌላ ነው። ችግሩ የተፈጠረው በመደበኛ የጥገናና የፍተሻ ሥራ ጊዜ እንጂ በሳይበር ጥቃት አይደለም ብለዋል። ልዩነቱ ለማንኛውም ቢሮ ትልቅ ትርጉም አለው። ከጥቃት ለመከላከል የሚገዛ መሣሪያ ሁሉ ቢገዛ ከራስ ቤት የሚነሳን ስህተት አይከላከልም።

አሠራሩን በቀላሉ ማየት ይቻላል። ደንበኛ ኤቲኤም ወይም ስልክ ሲነካ ጥያቄው ወደ ኮር ባንኪንጉ ይሄዳል። እዚያ «ቀሪ ሂሳቡ ይበቃል ወይ?» የሚል ፍተሻ ይደረጋል፣ ከበቃ ተቀንሶ ፈቃዱ ይመለሳል። በመንገዱ ላይ ያለ አንድ ለውጥ ፍተሻውን ካስዘለለ ማሽኑ የታዘዘውን ይፈጽማል፤ ገንዘቡ ይወጣል፣ ስክሪኑም ምንም ጉድለት አያሳይም። ስህተቱ የሚታየው የወጣውና የተመዘገበው ጎን ለጎን ሲታረቁ ነው። ማስታረቁ በማግሥቱ ጠዋት ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ የሚፈስ ገንዘብ ማንም አይቶ አያቆመውም።

ስለዚህ ማንኛውም ተቋም በሲስተሙ ላይ ለውጥ ከማድረጉ በፊት አራት ነገሮችን ማሟላት አለበት። አንደኛ፣ ለውጡ በእውነተኛው መዝገብ ላይ ሳይሆን በቅጂው ላይ ይሞከር። ሁለተኛ፣ ወደ ነበረበት የሚመለስበት መንገድና ሰዓት በጽሑፍ ይቀመጥ፤ «እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ካልሠራ ወደ ድሮው እንመልሳለን» የሚል ውሳኔ አስቀድሞ ይወሰን። ሦስተኛ፣ ከዋናው ፍተሻ ውጪ የሆነ ገደብ ይኑር፣ ለምሳሌ የቀን ወጪ ከተለመደው ሦስት እጥፍ ሲያልፍ ራሱ የሚቆም። አራተኛ፣ አቁም የማለት ሥልጣን ያለው ሰው በዚያ ሰዓት ስልኩ ክፍት ይሁን።

የእንግሊዙ ቲኤስቢ ባንክ በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. 5 ሚሊዮን ደንበኞቹን በአንድ የሳምንት መጨረሻ ወደ አዲስ ሲስተም አዛውሮ 1.9 ሚሊዮኑ ሂሳባቸውን መክፈት አቃታቸው። በ2022 እ.ኤ.አ. ተቆጣጣሪዎቹ 48.65 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጡት። ቅጣቱ የተጣለው ሶፍትዌሩ ስለተበላሸ ብቻ ሳይሆን አደጋው በአግባቡ ስላልተመራ ነበር።

የይፋት ቢሮዎች በመጠን ከዚህ ጋር አይነጻጸሩም፤ ሥርዓቱ ግን ያው ነው። የሆስፒታል መድኃኒት ቤት የዋጋ ዝርዝሩን ሲያድስ፣ የቁጠባና ብድር ማኅበር የወለድ ስሌቱን ሲለውጥ፣ የማሾ ሰብሳቢ ኅብረት ሥራ የመጋዘን ፕሮግራሙን ሲቀይር ያው ጥያቄ ይነሳል። ጊዜውም ይመረጥ። የሰኔ ሂሳብ መዝጊያ፣ የደመወዝ ሳምንትና ምርት የሚሰበሰብበት ወቅት ምንም ለውጥ የማይነካቸው ቀናት ሊሆኑ ይገባል።

ይፋት የሚያውቃቸው አደጋዎች

ስለ መጠባበቂያ ቅጂ ወይም ባክአፕ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ ከሩቅ የመጣ ይመስላል፤ በዚህ አካባቢ ግን የታሪክ ድጋፍ አለው። በ1953 በካራቆሬ ዙሪያ በተከታታይ የተከሰተው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፈራርሶ የካራቆሬን ቤቶች ግማሽ ያህሉን ጥሏል። ስምጥ ሸለቆው አሁንም አልተኛም። በ2017 በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የደረሰው ተከታታይ መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። በሚያዝያ 2013 አጣዬ በጥቃት ተቃጠለች። በኅዳር 2014 ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት ደረሰ። በ2015 ማብቂያ በአማራ ክልል የተቋረጠው የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት አልተመለሰም።

እነዚህ አደጋዎች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ የሚጠይቁት ዝግጅትም ይለያያል። መንቀጥቀጥና ቃጠሎ ሕንፃውን ከነኮምፒውተሩ ይወስዳሉ፤ ስለዚህ ቅጂው ሌላ ከተማ መሆን አለበት። ዝርፊያ ላፕቶፕና ሃርድ ዲስክን ይወስዳል፤ ስለዚህ ቅጂው በይለፍ ቃል የተቆለፈ መሆን አለበት፤ አለዚያ የበሽተኛና የተበዳሪ ምስጢር በማይታወቅ እጅ ይገባል። የኢንተርኔት መቋረጥ ደግሞ በደመና ላይ ያለውን ቅጂ በአካል ባይነካውም በሚፈለግበት ሰዓት የማይደረስበት ያደርገዋል። ስለዚህ ቅጂውን ሁሉ ጎግል ድራይቭ ላይ ማኖር ብቻውን በይፋት አይበቃም።

ባለሙያዎች የሚመክሩት ሕግ ቀላል ነው፤ ሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማስቀመጫ፣ አንዱ ከቦታው ውጪ። በአካባቢው ሲተረጎም አንዱ በሥራ ላይ ያለው ኮምፒውተር፣ ሁለተኛው ቢሮው ውስጥ ተቆልፎ ከኮምፒውተሩ ተነቅሎ የሚቀመጥ ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ ሦስተኛው በየሳምንቱ ወይም በየወሩ ወደ ደብረ ብርሃን የሚሄድ ዲስክ ይሆናል። «ተነቅሎ» የሚለው ቃል እዚህ ላይ ዋና ነገር ነው። ሁልጊዜ ተሰክቶ የሚኖር ዲስክ ኮምፒውተሩን የያዘው ቫይረስ እሱንም ይይዘዋል።

ማርስክ የተባለው የዴንማርክ የመርከብ ኩባንያ በሰኔ 2017 እ.ኤ.አ. ኖትፔትያ በተባለ አጥፊ ቫይረስ ሲመታ 4,000 ሰርቨሮችና 45,000 ኮምፒውተሮች እንደገና መጫን ነበረባቸው። የኩባንያውን ተጠቃሚዎች ሁሉ የሚያውቁት ዋና ሰርቨሮች በዓለም ዙሪያ መረጃቸውን እርስ በርስ ይገለብጡ ስለነበር አብረው ጠፉ። የተረፈው ጋና ያለው አንዱ ብቻ ነበር፤ የተረፈውም በዚያ ሰዓት መብራት ጠፍቶ ከመረቡ ስለተለየ ነው። ዲስኩ በሰው እጅ ተይዞ በናይጄሪያ በኩል ለንደን ደረሰና ኩባንያው ከዚያ ላይ ተነሳ። በአጋጣሚ የዳነው ኩባንያ ያስተማረውን አንድ የወረዳ ቢሮ አስቦበት ሊያደርገው ይችላል፤ ወጪው ሁለት ዲስክና የአንድ ሰው የመንገድ ገንዘብ ነው።

ቅጂ መኖሩ ግን ከቅጂው መመለስ መቻልን አያረጋግጥም። ጊትላብ የተባለው የሶፍትዌር ኩባንያ በጥር 2017 እ.ኤ.አ. አንድ ባለሙያው ዋናውን ዳታቤዝ በስህተት ሲያጠፋ፣ ከነበሩት አምስት የቅጂ ዘዴዎች አንዱም እንደታሰበው አልሠራም፤ የስድስት ሰዓት ያህል ሥራ ጠፋ። ፍተሻው ደግሞ ከባድ አይደለም። በሩብ ዓመት አንድ ቀን ዲስኩ ይወጣና ፕሮግራሙን አይቶ በማያውቅ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይመለሳል። ከዚያ ሦስት መዝገቦች ይከፈታሉ፤ በጣም የቆየው፣ የትናንቱና ትልቁ። የሂሳብ ድምሩ በወረቀት ከታተመው ጋር ይመሳከራል፣ የፈጀው ሰዓት ይጻፋል፣ ሁለት ሰው ይፈርምበታል። ፊርማው ያለበት ወረቀት ከሌለ ቢሮው ባክአፕ አለኝ ማለት አይችልም።

የቆላው ሙቀትም የራሱ ድርሻ አለው። የዩፒኤስ ባትሪ የሚሠራው 25 ዲግሪ አካባቢ እንዲቀመጥ ታስቦ ነው፤ ከዚያ በላይ በየ10 ዲግሪው ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። በሸዋ ሮቢት ሙቀት፣ መስኮት በሌለው ክፍል የተቀመጠ ዩፒኤስ መብራት ሲጠፋ ሁለት ደቂቃ ሳይቆይ ሊወድቅ ይችላል፤ የሚጻፍ የነበረው መዝገብም ግማሹ ተጽፎ ግማሹ ይቀራል። ባትሪውን በየዓመቱ መፈተሽና ሲያልቅ መቀየር አዲስ ኮምፒውተር ከመግዛት ይቀድማል።

መስመር ሲቋረጥ ሥራው የሚሄድበት መንገድ

ሁሉም ሲስተም ለመቋረጥ እኩል ዝግጁ አይደለም። ኢቺስ የተሠራው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ኔትወርክ በሌለበት ቀበሌ ቤት ለቤት ስትዞር መረጃውን በታብሌቷ እንድትይዝ፣ መስመር ስታገኝ እንድትልክ ተደርጎ ነው። በማዕከል ላይ ብቻ የሚኖር ፕሮግራም ግን መስመሩ ሲጠፋ ባዶ ስክሪን ይሆናል።

ከመስመር ተለይቶ መሥራትም የራሱ አደጋ አለው። ሁለት ሠራተኞች መስመር በሌለበት የአንድን ሰው መዝገብ በየፊናቸው ቢለውጡ ሲገናኙ የማን ይጽና? ታብሌቱ ከመላኩ በፊት ቢጠፋስ? ለጤና መዝገብ ይህ ግጭት የሚታረቅ ነው፤ ለገንዘብ ግን አደገኛ ነው። አንድ ደንበኛ መስመር በተቋረጠባቸው ሁለት ቅርንጫፎች ያንኑ ቀሪ ሂሳብ ሁለት ጊዜ ሊያወጣ ይችላል። ስለዚህ ባንክ መስመር ሲቋረጥ ማቆሙ ስንፍና አይደለም። ገቢ የሚሰበስብ፣ መድኃኒት የሚያድል ወይም ዕቃ የሚረከብ ቢሮ ግን ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ምክንያት የለውም።

ለዚህ የሚያስፈልገው የእጅ አሠራር አዲስ ፈጠራ አይጠይቅም። የንብረት ገቢና ወጪ ደረሰኞቹን ሞዴል 19ና ሞዴል 22ን የሚያውቅ የንብረት ሠራተኛ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ያለው ጥራዝ ምን እንደሚያደርግ ያውቃል። ሲስተም ሲጠፋ ጥራዙ ይወጣል። በየግብይቱ እውነተኛው ቀንና ሰዓት ይጻፋል፤ ያለማዕከል ማረጋገጫ የሚከፈለው ገንዘብ ጣሪያ ይኖረዋል። ሲስተሙ ሲመለስ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ከጥራዙ ጋር ያመሳክራል። ብዙ ቢሮዎች የሚሳሳቱት በመጨረሻው ደረጃ ነው። በእጅ የተሠራው በገባበት ቀን ሲመዘገብ የሰኞው ሽያጭ የዓርብ ይሆናል፤ የወሩ መጨረሻ ከሆነ ደግሞ ሪፖርቱ ይዛባል።

መዝገቡ ራሱ ሲበላሽ

ሰርቨርም መስመርም ደህና ሆኖ የሚሳሳት ሲስተም አለ። ምንጩ የሚገባው ዳታ ነው። ይፋት አማራው፣ አርጎባውና ኦሮሞው፣ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብቶ የሚኖርበት አገር ነው። አንዱ ሰው «ሙሐመድ»፣ «ሙሀመድ»፣ «መሐመድ» ወይም «ሞሐመድ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። «ኃይለማርያም»፣ «ሃይለማሪያም» እና «ሀይለ ማርያም»ም እንዲሁ። ለአንባቢ አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መዝገብ ላይ አባሉ መዋጮውን ከፍሎ «ስምህ የለም» ሊባል ይችላል፤ ሌላው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። መፍትሔው ፕሮግራሙ ሲፈልግ ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን እንደ አንድ እንዲያይ ማዘዝ፣ ስሙን ከእነ አያት መመዝገብና ሰውየውን በስም ብቻ ሳይሆን በማይደገም ቁጥር መለየት ነው። ፋይዳ መታወቂያ ለዚህ ጥሩ መሠረት ይሰጣል።

ቁጥሩ ራሱ ግን ኤክሴል ውስጥ ሊበላሽ ይችላል። በ09 የሚጀምር ስልክ እንደ ቁጥር ሲገባ ዜሮው ይጠፋል። 13 አሃዝ ያለው የንግድ ባንክ ሂሳብ ቁጥር ወደማይነበብ አጭር የሂሳብ አጻጻፍ ይለወጣል፤ በዚያ መልክ ወደ ሌላ ፋይል ከተገለበጠ መጨረሻው ይጠፋል። ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ አይዝም፤ ስለዚህ የ16 አሃዙ የፋይዳ ካርድ ቁጥር የመጨረሻ አሃዙ ወደ ዜሮ ይቀየራል፣ ማስጠንቀቂያም አይሰጥም። አምዱን ከመጀመሪያው «ጽሑፍ» አድርጎ ማዘጋጀት አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

የኤክሴል ገደብ ትልልቆቹንም አሳስቷል። በመስከረም 2020 እ.ኤ.አ. መገባደጃ በእንግሊዝ 15,841 የኮቪድ ታማሚዎች ከዕለታዊው ሪፖርት ቀሩ። ምክንያቱ ከ65,536 መስመር በላይ የማይዝ አሮጌ የኤክሴል ፋይል መጠቀማቸው ነበር። ታማሚዎቹ ዘግይተው ስለተመዘገቡ ከእነሱ ጋር ንክኪ የነበራቸው ሰዎች በጊዜው ሳይፈለጉ ቀሩ።

የዘመን አቆጣጠርም ሌላ ፈተና ነው። ከውጭ የመጣ ፕሮግራም 13ኛ ወር አያውቅም፤ የጳጉሜ ግብይት ሲገባ ይከለክላል። ሠራተኛው ለመገላገል ነሐሴ 30 ወይም መስከረም 1 ብሎ ያስገባል፣ የወሩ ሂሳብም ይዛባል። ቀኑን በቃል የሚያሰሉም ይሳሳታሉ። የ2016 አዲስ ዓመት የዋለው በፈረንጆቹ መስከረም 12 እንጂ 11 አልነበረም፤ ያ የአንድ ቀን ልዩነት እስከ የካቲት ዘልቋል። ትክክለኛው መንገድ ፕሮግራሙ ውስጡ በአንድ አቆጣጠር ይዞ ለተጠቃሚው በሌላው እንዲያሳይ ማድረግ፣ ልወጣውንም ለሰው አለመተው ነው።

አሮጌ ፋይሎችም ሊረሱ አይገባም። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ወደ ዩኒኮድ ከመግባቱ በፊትና ከዚያም በኋላ ለዓመታት ቢሮዎች በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ጽፈዋል። ያ ፎንት በሌለበት ኮምፒውተር የመሬት ይዞታ ዝርዝርም ሆነ የሠራተኛ ማኅደር ትርጉም የሌለው ምልክት ሆኖ ይከፈታል። ፎንቱ የተጫነባቸው ኮምፒውተሮች ሳይወድቁ እነዚህን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የዚህ ዓመት ሥራ ነው።

የይለፍ ቃሉ በማን እጅ ነው?

አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ሲዛወር ርክክብ ይደረጋል። ወንበሩ፣ ጠረጴዛውና ካዝናው ተቆጥረው ይፈረምባቸዋል። የሲስተሙ የይለፍ ቃል ግን ብዙ ጊዜ በርክክቡ ላይ አይሰፍርም፤ ወይ ከሰውየው ጋር ይሄዳል፣ ወይ ለቀሪዎቹ ሁሉ የጋራ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም መንገድ አደገኛ ነው። በመጀመሪያው ቢሮው ይቆለፋል፤ በሁለተኛው ጉድለት ሲገኝ ማን እንደሠራው አይታወቅም። ለእያንዳንዱ ሰው የራሱን መግቢያ መስጠት፣ በዝውውሩ ቀን መዝጋትና የዋናውን አስተዳዳሪ ቃል በታሸገ ፖስታ ካዝና ውስጥ ማስቀመጥ ምንም ወጪ የለውም።

በብዙ ቢሮና ድርጅት ያሉት ክራክ የተደረጉ የቆዩ የፒችትሪ የሂሳብ ሶፍትዌርና የዊንዶውስ ቅጂዎችም እዚህ ይካተታሉ። ፒችትሪ የራሱ ስም እንኳ ወደ ሴጅ 50 ከተለወጠ ዓመታት አልፈዋል፤ የድሮው ቅጂ ግን አሁንም የቅጥር መስፈርት ነው። ርካሽ መሆኑና ሠራተኛው በቀላሉ መገኘቱ እውነተኛ ጥቅም ነው። ጉዳቱ ማሻሻያ አለማግኘቱ ነው። በግንቦት 2017 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያመሰው ዋናክራይ የተባለ ቫይረስ የገባበትን ቀዳዳ ማይክሮሶፍት ከሁለት ወር በፊት ደፍኖት ነበር፤ የተጎዱት ማሻሻያውን ያልጫኑት ናቸው። ከቢሮ ቢሮ በፍላሽ የሚዞረው ቫይረስ የሚኖረውም በእነዚህ ማሽኖች ላይ ነው።

በፕሮጀክት ድጋፍ የገቡ ሶፍትዌሮች ደግሞ ሌላ ችግር አላቸው። ፕሮጀክቱ ሲያበቃ ከፋይም ጠጋኝም አይኖርም። ስለዚህ ውል ሲፈረም ሦስት ነገሮች መግባት አለባቸው፤ ዳታው የተቋሙ መሆኑ፣ በተለመደ ፋይል ተገልብጦ ሊወጣ መቻሉና ከሦስተኛው ዓመት በኋላ የጥገናውን ወጪ የሚከፍለው ማን እንደሆነ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ የሰው መረጃ የያዘ ተቋም ተጠያቂነት አለበት፤ «ሶፍትዌሩ የሌላ ነው» ማለት አያድነውም።

ሦስት አቅጣጫዎች

ሲስተሞቹ ወደፊት ሊይዟቸው ከሚችሏቸው አቅጣጫዎች የመጀመሪያው ሙሉ ማዕከላዊነት ነው። ሁሉም መዝገብ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር ይሆናል፣ ወረዳው ስክሪን ብቻ ይኖረዋል። ባለሙያው በአንድ ቦታ ይሰባሰባል፣ ሪፖርቱ ወዲያው ይታያል፣ ወረዳው የሰርቨር ወጪ አይኖርበትም። ነገር ግን አንድ የሌሊት ስህተት አገር ያዳርሳል፣ አንድ የተቆረጠ መስመርም ከተማን ያቆማል።

ሁለተኛው አሁን ያለው ቁርጥራጭ አሠራር መቀጠሉ ነው። እያንዳንዱ ቢሮ የራሱን ኤክሴልና የራሱን ላፕቶፕ ይይዛል። መስመር ቢጠፋ ሥራ አይቆምም። ሆኖም አንድ ላፕቶፕ ሲሰረቅ የዓመታት መዝገብ አብሮ ይሄዳል፤ ሁለት ቢሮዎች ስለ አንድ ሰው የሚሉትም አይገናኝም።

ሦስተኛው ማዕከላዊ መዝገብ ኖሮ ወረዳው የራሱን ድርሻ በአካባቢው ይዞ መሥራት የሚችልበት ነው። ይህ ከሁሉም ውዱ ነው። ፕሮግራሙ የሚጋጩ መዝገቦችን ማስታረቅ አለበት፤ በወረዳ ደረጃም የሚያውቅ ሰው ያስፈልጋል። ወጪውን ማቅለል ግን ይቻላል። ፋይናንስ፣ ጤናና ማዘጋጃ ቤት በየፊናቸው ዝቅተኛ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሦስት ጀማሪዎችን ከሚቀጥሩ፣ አንድ በቂ ልምድ ያለው ባለሙያ በጋራ ቢይዙ ይሻላቸዋል።

ወዴት ያመራል?

በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት የሚጠበቀው የመጀመሪያውና የሁለተኛው ድብልቅ ነው። የፖሊሲው ግፊትና የበጀቱ ጥበት ወደ ማዕከል ይጎትታሉ፤ የመስመሩ አለመታመን ደግሞ ሠራተኛው ከሲስተሙ ጎን የግል ኤክሴሉን እንዲይዝ ያስገድደዋል። ይህ ድብልቅ ሁለቱንም ጉዳት ይዞ ይመጣል፤ የማዕከሉ መዝገብ ያልተሟላ፣ የወረዳውም መዝገብ ያልተጠበቀ ይሆናል። ሦስተኛው መንገድ በራሱ አይመጣም። የሚመጣው ገዢው ተቋም በጨረታ ሰነዱ ላይ «መስመር ሲቋረጥ ቢያንስ ለአምስት የሥራ ቀናት ይሠራል» የሚል መስፈርት ሲያሰፍርና ሲረከብ መስመሩን ነቅሎ ሲፈትሽ ብቻ ነው።

እስከዚያው ማጀቴ ወይም ሸዋ ሮቢት ያለ የቢሮ ኃላፊ የማንንም ፈቃድ ሳይጠብቅ ሊያደርጋቸው የሚችሉ ነገሮች አሉ። የተነቀለ ዲስክና በሩብ ዓመት የሚፈረም የመመለስ ፍተሻ፣ ቁጥር ያለው ጥራዝ፣ ጽሑፍ የተደረገ የኤክሴል አምድ፣ በርክክብ የሚዘጋ የይለፍ ቃል፣ በሰኔ ምንም ለውጥ ያለማድረግ ውሳኔ። ቀጣዩ ግፊት መምጣት ያለበት ከኦዲተሮች ነው። የውስጥ ኦዲተር ካዝና እንደሚቆጥር ሁሉ የመጨረሻውን የመመለስ ፍተሻ ወረቀት መጠየቅ ከጀመረ፣ ጉዳዩ ከአይቲ ክፍሉ ወጥቶ የኃላፊው ግዴታ ይሆናል። ለዚህ አዲስ አዋጅም አዲስ በጀትም አያስፈልግም፤ በኦዲት መጠይቁ ላይ አንድ መስመር መጨመር ይበቃል።